ሁለተኛው የድኩላ ጩኸት

(በደቡብ ተራሮች በወዴሳ የአደን ካምፕ የመሣሪያ ክፍል፣ ጉም መውረድ በጀመረበት ከሰዓት በኋላ፤ የስልሳ አራት ዓመቱ አዳኝ አቶ ይርዳው እና የዱር እንስሳት ስካውቷ ሸምሲያ ቃሶ አንድ ጠመንጃና ሁለት የጥይት ካርቶን ከተቀመጡበት ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ናቸው።)

ሸምሲያ፦ አይቸኩሉ ጋሼ ይርዳው። የነገውን የአደን ቅጽ የምፈርመው እኔ ነኝ። ከመፈረሜ በፊት እነዚህን ሁለት ወረቀቶች ላንብብልዎ። ይኸኛው ከካምፑ መዝገብ የተገለበጠ ነው። «ዱካ ፈላጊው ቃሶ ገመዳ የደኅንነት ምልክቱን ሁለት ጊዜ ካሰማ በኋላ ከመከለያው ወጥቶ በተኩስ መስመር ላይ ተገኘ። አዳኙ ደንቡን ጠብቆ ተኩሷል።» ይኸኛው ደግሞ እናቴ ስትናገር የጻፍኩት ነው። «ቃሶ ምንም ምልክት አላሰማም። ገና መንገድ ላይ ነበር። ይርዳው ሳይጠብቅ ተኮሰ።»

ይርዳው፦ ሁለቱንም ሰባት ዓመት አውቃቸዋለሁ። አሁን የሚፈለግብሽ ቅጹ ላይ የጥይቱን ዓይነት መጻፍ ነው።

ሸምሲያ፦ እሱን ለመጻፍ ነው የማነበው። አባቴን የገደለው ጥይት ከእነዚህ ከሁለቱ ካርቶኖች ከአንዱ ነው የወጣው።

ይርዳው፦ ከግራው።

ሸምሲያ፦ ከግራው። እርስዎ ደግሞ ለነገ የግራውን ጻፊ ይሉኛል።

ይርዳው፦ እላለሁ።

ሸምሲያ፦ ድምፅዎ እንኳ አልተለወጠም።

ይርዳው፦ ለአጋዘኑ ስል ነው ልጄ። የቀኙ ለስላሳ አፍንጫ ነው፤ ትከሻው ላይ ይበተናል። የደጋ አጋዘን ትከሻ እንደ ድንጋይ ነው። ጥይቱ አጥንቱን ይሰብርና ሳንባው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ እንስሳው በሦስት እግሩ ቀርከሃው ውስጥ ገብቶ አራት ቀን ሙሉ ይሞታል። የግራው ግን ጠንካራ እርሳስ ነው፣ ሃያ ስድስት ግራም። በየትም በኩል ቢገባ ልቡ ጋ ይደርሳል።

ሸምሲያ፦ ልቡ ጋ ደርሶ መች ይቆማል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ይርዳው፦ በየት ተማርሽው?

ሸምሲያ፦ ስልጠና ላይ ውኃ የሞላ ጀሪካን ደርድረን ተኩሰንበታል። ለስላሳው ሦስተኛው ጀሪካን ውስጥ ተከፍቶ ቀረ። ጠንካራው ስድስቱንም በስቶ የአፈሩ ክምር ውስጥ ገባ። ቆፍረን አጣነው።

ይርዳው፦ ጀሪካን አጥንት የለውም።

ሸምሲያ፦ ከጀሪካኑ ኋላ የቆመ ሰውም አልነበረም።

ይርዳው፦ እሺ።

ሸምሲያ፦ እንግዳው ምን ይላል? ነገ ወዴሳ ገደል የሚገባው ለእሱ አይደል።

ይርዳው፦ እሱ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ትልቅ ነገር ሁሉ ይወዳል። የራሱን ረጅም ጠመንጃ ይዞ መጥቷል፤ የመጀመሪያውን ይተኩሳል። ካቆሰለው ሁለተኛው ተኩስ የረዳቱ፣ የእኔ ነው። ወዴሳ ውስጥ ከሃምሳ እርምጃ በላይ አይታይም፤ ስለዚህ የረዳቱ መሣሪያ ይቺ ናት። ትናንት ማታ ደግሞ በስጦታ መልክ ለእሷ የሚሆን ሹል ጥይት አምጥቶልኛል። ራቅ ብሎ ይመታል ብሎ።

ሸምሲያ፦ ሹል? ለዚህች?

ይርዳው፦ ምን አለው?

ሸምሲያ፦ ይፈትኑኛል እንዴ። በዚህች ጠመንጃ ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ አንዱ ካንዱ ኋላ ነው የሚተኙት። ሹሉ ጫፍ የፊተኛውን ጥይት መቀጣጠያ ነክቶ ይተኛል። አንድ ጊዜ ሲተኮስ ወይም እጀታዋ በኃይል ሲገፋ መቀጣጠያው ይወጋል፤ ቱቦው ከነጥይቱ እጅ ላይ ይፈነዳል። ለዚህች አፍንጫው ጠፍጣፋ የሆነ ብቻ ነው።

ይርዳው፦ ይኼንንም በጀሪካን ተማርሽው?

ሸምሲያ፦ ይኼን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ቤታችን በር ላይ ተቀምጦ፣ በባትሪ ድንጋይ። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ሸምበቆ ውስጥ ከትቶ።

ይርዳው፦ በባትሪ ድንጋይ። ... ለእኔም በዚያው ነው ያሳየኝ። እኔ አዳኝ ተብዬ ፈቃድ ይዤ፣ እሱ ዱካ ፈላጊ ሆኖ።

ሸምሲያ፦ ታዲያ በሹሉ ከተስማማን ስለ ጠንካራው እንነጋገር።

ይርዳው፦ ስለ ጠንካራው ያለኝን ነገርኩሽ።

ሸምሲያ፦ ስለ አጋዘኑ ነው የነገሩኝ። ከአጋዘኑ ኋላ ስላለው ይንገሩኝ።

ይርዳው፦ ነገ ከአጋዘኑ ኋላ ማንም አይኖርም። የወንዙን ማዶ ባዶ አድርጌዋለሁ። ለዱካ ፈላጊዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንድም ሰው ወንዙን አይሻገርም።

ሸምሲያ፦ ማዶ ቋሚ የሌለበት የወዴሳ አደን ታይቶ ያውቃል?

ይርዳው፦ ከነገ ጀምሮ ይታያል።

ሸምሲያ፦ የቆሰለ አጋዘን ማምለጫው አንድ ነው። ወንዙን ተሻግሮ በትልቁ ድንጋይ ሥር አልፎ ሽቅብ ይወጣል። እዚያ ሰው ቆሞ ካልመለሰው ይሄዳል። ይኼንን ለእርስዎ መንገር የለብኝም።

ይርዳው፦ ለዚህ እኮ ነው ጠንካራውን ጻፊ የምልሽ። ባለበት ይጥለዋል፤ መመለስ አያስፈልግም።

ሸምሲያ፦ ካልጣለውስ?

ይርዳው፦ ይጥለዋል።

ሸምሲያ፦ እኔ ደግሞ እንዲህ ነው ያሰብኩት። ለስላሳውን እንጽፋለን፤ ማዶ ሰው ይቆማል። ጥይቱ እንስሳው ውስጥ ስለሚቀር የቆመው ሰው አይጎዳም። አጋዘኑም ቢቆስል አያመልጥም።

ይርዳው፦ ማን ነው የሚቆመው?

ሸምሲያ፦ እኔ።

ይርዳው፦ አይሆንም።

ሸምሲያ፦ ቦታውን አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደርሼበት ተመልሻለሁ።

ይርዳው፦ ወዴሳ ገባሽ? ብቻሽን?

ሸምሲያ፦ ከመከፈቱ በፊት ቆጠራ ያስፈልጋል። ሰባት ዓመት ተዘግቶ የከረመ ገደል ነው። አሥራ አንድ አጋዘን ቆጠርኩ። ቀንዱ የተጠማዘዘው ሽማግሌ አሁንም አለ፤ እንግዳው የተፈቀደለት እሱ ነው። አባቴ ይከለልበት የነበረው ድንጋይም አለ። ከድንጋዩ በላይ ያለው ኮሶም አለ።

ይርዳው፦ ኮሶውን ምን አደረግሽው?

ሸምሲያ፦ ለምን ኮሶውን ጠየቁኝ?

ይርዳው፦ ዝም ብዬ።

ሸምሲያ፦ እጅዎን ይዘርጉ። ... ይያዙት እንጂ፤ ክብደቱን ይወቁት። ጥይቱን ከኮሶው ግንድ ውስጥ በቢላ ግማሽ ቀን ፈልፍዬ ነው ያወጣሁት። ዛፉ በቅርፊቱ ሸፍኖት ነበር። አጋዘኑን አልፏል፣ አባቴን አልፏል፣ ከዚያ ግንዱ ውስጥ አንድ ስንዝር ገብቷል። አፍንጫውን ይዩት፤ ትንሽ ተጫረ እንጂ አልተጨፈለቀም። አሁን ካርቶን ውስጥ ቢመልሱት ከአዲሶቹ ለመለየት መነጽርዎ ያስፈልግዎታል።

ይርዳው፦ መነጽሬን አድርጌያለሁ።

ሸምሲያ፦ አውቃለሁ።

ይርዳው፦ እኔም አለኝ። ከኪሴ አውጥቼው አላውቅም። ... ይኸው።

ሸምሲያ፦ ቀለሁ?

ይርዳው፦ የዚያን ቀን ነው። ተኮስኩ፣ እጀታዋን ወደ ታች ገፋሁ፣ ቀለሁ ወጣና ጫማዬ ላይ ወደቀ። እጀታዋን ወደ ላይ መልሼ ሌላ ላጎርሳት ስል ማዶ ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እንስሳው እኮ ወድቋል፤ አየዋለሁ። ታዲያ ማዶ የሚንኮሻኮሸው ምንድን ነው? ከዚያ ወዲህ እጀታዋን አልመለስኩትም። ሰባት ዓመት ዘይት እየቀባሁ አስቀመጥኳት፤ አፏን እንደከፈተች። ተመልከቻት፤ አሁንም ክፍት ናት።

ሸምሲያ፦ ጥይቱንና ቀለሁን እንዳይገጥሙብኝ።

ይርዳው፦ አልገጥምም።

ሸምሲያ፦ እጅዎ ወደዚያ ሲሄድ ነው ያየሁት። ለያይተው ያስቀምጧቸው። ... እሺ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባቴ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ቦቲውን ያወልቅ ነበር?

ይርዳው፦ ያወልቅ ነበር። ጎማው ድንጋዩ ላይ ያንሸራትታል። አውልቆ ከሥሩ ያስቀምጥና በባዶ እግሩ ይወጣል። ከዚያ ነው ምልክት የሚሰጠው።

ሸምሲያ፦ ቤት ሲያመጡት ቦቲው እግሩ ላይ ነበር። ሁለቱም። እናቴ ናት ያወለቀችለት። «ገና መንገድ ላይ ነበር» የምትለው ለዚህ ነው። ሰዎች ሐዘን አናወጣት አሉ። እሷ ግን ሰባት ዓመት የምታወራው ስለ ቦቲ ነው።

ይርዳው፦ ቦቲውን አይቻለሁ።

ሸምሲያ፦ መቼ?

ይርዳው፦ እዚያው። ወንዙን ተሻግሬ እንደደረስኩ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ፊቱን ከማየቴ በፊት።

ሸምሲያ፦ መዝገቡ ላይ የለም።

ይርዳው፦ አልጻፍኩትም።

ሸምሲያ፦ መዝገቡን የጻፉት እርስዎ ነዎት?

ይርዳው፦ ጸሐፊው ጻፈ፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ። «ሁለት ጊዜ ሰምተሃል?» አለኝ። «አዎ» አልኩ። ያለቀው በዚያች ቃል ነው።

ሸምሲያ፦ ቆይ። ... ሰሙ?

ይርዳው፦ ሰማሁ።

ሸምሲያ፦ ከዚህ ክፍል ኋላ ነው። ድኩላ ነው።

ይርዳው፦ ዝም በይ ልጄ። ትንሽ ዝም በይ።

ሸምሲያ፦ ምን እየጠበቁ ነው?

ይርዳው፦ ...

ሸምሲያ፦ ጋሼ ይርዳው። ሄዷል እኮ። ጉሙ ሲወርድ አንድ ጊዜ ይጮሃሉ፤ ይሄዳሉ።

ይርዳው፦ አንድ ጊዜ። ሁልጊዜ አንድ ጊዜ ነው። ጉም በወረደ ቁጥር ከዚህ ክፍል ኋላ መጥቶ አንዴ ይጮሃል። እኔ ደግሞ የያዝኩትን አስቀምጬ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ። ሰው እያናገረኝም ቢሆን። ቤት ስሆንም ያው ነው፤ ባለቤቴ መጀመሪያ ጆሮዬ የደከመ መስሏት ነበር። በኋላ ገባት፤ አሁን ድኩላ ሲጮህ እሷም ማንኪያዋን ታስቀምጣለች። አብረን እንጠብቃለን። ሁለተኛው አይመጣም።

ሸምሲያ፦ ስንት ነበር የሰሙት? የዚያን ቀን።

ይርዳው፦ ደንቡን ታውቂዋለሽ?

ሸምሲያ፦ ደንቡን ያወጣው አባቴ ነው። ማዶ ቋሚው ከድንጋዩ ጀርባ ሲገባ እንደ ድኩላ ሁለቴ ይጮሃል። በሰው ድምፅ ቢጣራ አጋዘኑ ይበረግጋል። ድኩላ ሲጮህ ግን ቆሞ ጆሮውን ያቆማል፤ ለተኳሹም ይመቸዋል። ሁለት ጊዜ የሆነው እውነተኛው ድኩላ እንዳይምታታ ነው። በመካከሉ ደግሞ አባቴ ምራቁን ይውጣል። አንድ፣ ምራቅ መዋጥ፣ ሁለት።

ይርዳው፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። ያችን ምራቅ የሚውጥባትን ጊዜ እንደ ራሴ ትንፋሽ ነው የማውቃት። እና ያን ቀን...

ሸምሲያ፦ ይናገሩት።

ይርዳው፦ የያኔው እንግዳ አጋዘኑን ሆዱ ላይ አቁስሎት ነበር። እንስሳው ወርዶ ወንዙ ዳር ቆሟል፤ ጎኑን ሰጥቶኛል። አባትሽ ሊሻገር ከሄደ ብዙ ቆይቷል። ጉሙ ከላይ እየመጣ ነው፤ ከደረሰ እንስሳው እንደሚጠፋ አውቃለሁ። እንግዳው ከኋላዬ ልብሴን ይጎትታል። ከዚያ ማዶ አንድ ጩኸት ሰማሁ።

ሸምሲያ፦ አንድ።

ይርዳው፦ አንድ። አጋዘኑ ጆሮውን አቆመ። እኔ ምራቄን ዋጥኩ። እንደ እሱ፣ ልክ እንደ እሱ። ሁለተኛው አልመጣም። ለራሴ «ጉሙ ውጦት ነው» አልኩት። አየሽ፣ አልተሳሳትኩም። ብሳሳት ኖሮ ዛሬ እተኛ ነበር። ጩኸቱ ሰፊ ነበር፤ ከሆድ የወጣ። የአባትሽ ጠበብ ይላል፤ ከጉሮሮ ነው። የእውነት ድኩላ መሆኑን ግማሽ ልቤ ያውቅ ነበር። በቀረው ግማሽ ተኮስኩ።

ሸምሲያ፦ እሱ ገና ከወንዙ እየወጣ።

ይርዳው፦ ከነቦቲው።

ሸምሲያ፦ ስለዚህ መዝገቡም ውሸት ነው፤ እናቴም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለችም። ሳይጠብቁ አልተኮሱም። የጠበቁት ግማሹን ነው።

ይርዳው፦ ግማሹን። እናትሽን ይኼ የሚያጽናናት ይመስልሻል?

ሸምሲያ፦ አያጽናናትም። ግን የቦቲው ነገር እውነት መሆኑን ከእርስዎ አፍ ብትሰማ ሌላው ቢቀር እብድ አለመሆኗን ታውቃለች።

ይርዳው፦ ከዚያም የባሰ አለ። ጠዋት ስንወጣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱ ካርቶኖች ነበሩ። ያው ግራና ቀኝ። አባትሽ የቀኙን አነሳና «ይርዳው፣ ወዴሳ ውስጥ ጠንካራውን ተወው፤ ማዶ እኔ ነኝ» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ። እኔም እየሳቅሁ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በለስላሳው ያጣነውን አጋዘን አስታወስኩት። በአራተኛው ቀን ነበር ያገኘነው፤ ጅብ ከኋላው ጀምሮ እየበላው አልሞተም ነበር። አባትሽ እዚያው ቁጭ ብሎ አልቅሷል። ያንን ሳነሳበት ካርቶኑን መለሰና ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

ሸምሲያ፦ ያን አጋዘን አስታውሳለሁ። ቤት መጥቶ እራት አልበላም።

ይርዳው፦ አየሽ፣ ስለ አጋዘኑ ያልኩሽ ውሸት አልነበረም።

ሸምሲያ፦ ውሸት ነው አላልኩም። ከሥሩ ሌላ ነገር ተቀብሮ ነበር እንጂ። ታዲያ ይኼን ሁሉ እያወቁ ዛሬ እንደገና ለምን የግራውን?

ይርዳው፦ የቀኙን ከመረጥኩ ያኔም የቀኙን መምረጥ ነበረብኝ ማለት ነው። ሰባት ዓመት ይኼን ላለማለት ነው የኖርኩት።

ሸምሲያ፦ አሁን አሉት።

ይርዳው፦ አልኩት።

ሸምሲያ፦ ይኸው ወረቀት። ሦስተኛውን ይጻፉ። መዝገቡ ላይ አያይዘዋለሁ።

ይርዳው፦ ፈቃዴን ይወስዱታል።

ሸምሲያ፦ ይወስዱ ይሆናል። አላስገድድዎትም። ካልጻፉ እኔ የሰማሁትን እጽፋለሁ፤ እርስዎ ይክዱኛል፤ ከዚያ እንደ እናቴ እኔም ስለ ቦቲ እያወራሁ እኖራለሁ።

ይርዳው፦ አንቺን እንዴት እክድሻለሁ። ብዕሩን አምጪው። ... «እኔ ይርዳው አሰግድ አንድ ጩኸት ሰማሁ። ሁለተኛውን ሳልሰማ ተኮስኩ። ሟቹ ቦቲ እንደተጫማ ነበር፤ ከቦታው አልደረሰም። ጥይቱን እንድለውጥ ጠዋት ነግሮኝ ነበር።» ሌላ ምን ቀረ?

ሸምሲያ፦ ቀኑና ፊርማው።

ይርዳው፦ ይኸው። ይኼን ፈርሜ ነገ ረዳት ተኳሽ ልሆን አልችልም። 

ሸምሲያ፦ ታዲያ አደኑ ይቅር ልበል? ቅጹን ባዶ ልመልሰው?

ይርዳው፦ አይቅር። ሽማግሌው አጋዘን ጥርሱ አልቋል፤ የሚመጣውን ክረምት አያልፍም። እንግዳውም ማቁሰሉ አይቀርም፤ ዛሬ ጠዋት ዒላማ ላይ አይቼዋለሁ፣ ከአምስት ሁለት ነው የመታው። የወዴሳን አካሄድ የሚያውቅ ሰው ከጎኑ ካልቆመ እንግዳውን ሌላ ካምፕ ይወስደውና አደኑን ያበላሸዋል። ግን ቦታ እንለዋወጥ።

ሸምሲያ፦ እንዴት?

ይርዳው፦ ቅጹን ሳቢው። «ረዳት ተኳሽ» በሚለው ላይ ስምሽን ጻፊ። ባለፈው ዒላማ ላይ በልጠሽኛል፤ ምስክሩም ወረቀቱም አለ። «ማዶ ቋሚ» በሚለው ላይ ይርዳው አሰግድ ብለሽ ጻፊ።

ሸምሲያ፦ ጉልበትዎ ወንዙን ያሻግርዎታል?

ይርዳው፦ ከእናንተ አንድ ሰዓት ቀድሜ እወጣለሁ። ቀስ ብዬ እሻገራለሁ።

ሸምሲያ፦ ድንጋዩ ላይ ቦቲ ያንሸራትታል።

ይርዳው፦ አወልቃለሁ።

ሸምሲያ፦ ... ጻፍኩ። ረዳት ተኳሽ ሸምሲያ ቃሶ። ማዶ ቋሚ ይርዳው አሰግድ። አንድ መስመር ቀረ።

ይርዳው፦ እሱን አንቺ ምረጪ። እኔ ከአሁን በኋላ ስለ ጥይት አፍ የለኝም።

ሸምሲያ፦ የግራውን ብጽፍስ?

ይርዳው፦ ጻፊው። የግራው ወዴሳ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ማዶ ሄጄ እቆማለሁ፤ አልከራከርሽም።

ሸምሲያ፦ ይኼን የሚሉት እንድምርዎ ነው ወይስ እንድገድልዎ?

ይርዳው፦ አላውቅም። እውነቴን ነው፤ አላውቅም። የማውቀው እዚያ ሰው መቆም እንዳለበትና ያ ሰው አንቺ እንዳልሆንሽ ብቻ ነው።

ሸምሲያ፦ ጠመንጃዋን ያቀብሉኝ። ... ከባድ ናት። እጀታዋ ጠንክሯል።

ይርዳው፦ ወደ ላይ መልሺው። እኔ ነኝ መመለስ ያቃተኝ።

ሸምሲያ፦ ቸክ አለች። ይቺው ናት?

ይርዳው፦ ይቺው ናት። ይቺን ድምፅ ነበር የፈራሁት። ትንሽ ነገር ናት ለካ።

ሸምሲያ፦ ባዶ ስለሆነች ነው። እስቲ አሁን ይጩሁልኝ።

ይርዳው፦ ምን?

ሸምሲያ፦ ነገ ማዶ የሚቆሙት እርስዎ ነዎት። ምልክቱን ሳልሰማው ወጥቼ የእውነት ድኩላ ብሰማ በምን እለየዋለሁ? ይጩሁ።

ይርዳው፦ ጮኬ አላውቅም። ሁልጊዜ እሱ ነበር።

ሸምሲያ፦ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰምተውታል።

ይርዳው፦ ... ባኽ። ... ባኽ።

ሸምሲያ፦ የመጀመሪያው ሰፋ፤ ከሆድዎ ነው። ከጉሮሮዎ ያድርጉት። ሁለተኛው ደግሞ ቶሎ መጣ። ምራቅዎን አልዋጡም።

ይርዳው፦ አፌ ደርቋል።

ሸምሲያ፦ ውኃው ከጎንዎ ነው። ይጠጡ። አልቸኩልም። ... አሁን።

ይርዳው፦ ባኽ።

ሸምሲያ፦ ...

ይርዳው፦ ባኽ።

ሸምሲያ፦ ...

ይርዳው፦ ምነው? ልክ አይደለም? ለምን ዝም አልሽ?

ሸምሲያ፦ ልክ ነው። ልክ ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት።

ይርዳው፦ ልድገመው?

ሸምሲያ፦ አይድገሙት። ለነገ ያቆዩት። ... «የጥይቱ ዓይነት፦ ለስላሳ አፍንጫ፣ ከቀኙ ካርቶን።» ይኸው ፈረምኩ። ነገ አንድ ጩኸት ብሰማ ጣቴ ምላጩን አይነካም። ሁለተኛውን እጠብቃለሁ፤ አጋዘኑም መሄድ ካለበት ይሂድ።